ባለቤት ያጣ ጄት፦ ፋልከን 4.0ን ጭማሪ ሠሪዎች እንዴት አቆዩት?

ፋልከን 4.0 የሚባለው የውጊያ በረራ ሲሙሌተር (እውነተኛ በረራን የሚያስመስል የኮምፒውተር ጌም) ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1998 ነው። አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ የሠራው ቡድን ተበተነ። እንደ ጌም ዓለም ልማድ ታሪኩ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። ግን አላለቀም። ዛሬም ሰዎች ይበሩበታል። አዳዲስ አውሮፕላኖች፣ አዳዲስ የጦር ሜዳዎች፣ አዲስ መልክዓ ምድር ይጨመርለታል። ይህን ሁሉ የሚሠሩት ደግሞ ደመወዝ የማይከፈላቸው ሰዎች፣ ማለትም ጭማሪ ሠሪዎች ናቸው።

ብዙ ሰው "ተጫዋቾቹ ስለወደዱት ነው" ብሎ ያልፈዋል። የተወደዱ ጌሞች ግን ብዙ ናቸው፤ ይህን ያህል የቆዩት ጥቂት ናቸው። እኔ የማምነው ሌላ ነው። ፋልከን የቆየው ጭማሪ ሠሪዎቹ ዓይን ከሚያየው ምስል ይልቅ ከሥር ባለው ስሌትና ዳታ ላይ ስለደከሙ ነው። ጉዳዩን ከመነሻው ጀምሬ ልከተለው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሳጥኑ ውስጥ የነበረው

ፋልከን የሚለው ስም ከ1987 ጀምሮ የነበረ ነው። ስፔክትረም ሆሎባይት የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ኤፍ-16 ተዋጊ ጄትን ወደ ቤት ኮምፒውተር አመጣ። በ1991 ፋልከን 3.0 ወጣ። በ1993 ኩባንያው ማይክሮፕሮዝ ከተባለ ሌላ የጌም ኩባንያ ጋር ተቀላቀለ፤ ውሎ አድሮም የማይክሮፕሮዝን ስም ያዘ። አራተኛው ፋልከን የተሠራው ካሊፎርኒያ፣ አላሚዳ ከተማ በነበረው ስቱዲዮ ነው። ሥራው ዓመታት ፈጀ። በመሃል፣ በ1998፣ ሃዝብሮ ኢንተራክቲቭ ማይክሮፕሮዝን ገዛው።

ጌሙ ለገና ገበያ እንዲደርስ ተጣድፎ ወጣ። ሳይበስል መውጣቱን የገዛው ሰው ሁሉ በቶሎ አወቀ። በበረራ መሃል ይዘጋል። በኔትወርክ ሲጫወቱበት ይቋረጣል። ኩባንያው ፓች (የማረሚያ ፋይል) በፓች ላይ እያወጣ ብዙ ችግር አስተካከለ፤ የመጨረሻው ይፋዊ ፓች 1.08 ነበር። በ1999 ማብቂያ ላይ ሃዝብሮ የአላሚዳውን ስቱዲዮ ዘጋ። የፋልከን ዋና መሪ የነበረው ጊልማን ሉዊ በዚያው ዓመት የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ያቋቋመውን ኢን-ኪው-ቴል የተባለ የቴክኖሎጂ ኢንቨስትመንት ተቋም ለመምራት ሄደ። ሌሎቹም በየፊናቸው ተበተኑ።

ሳጥኑን የከፈተ ሰው በቀለበት የታሰረ ወፍራም መመሪያ ያገኝ ነበር። ጌሙ ውስጥ የሚበረው ጄት አንድ ብቻ ነው፦ ኤፍ-16ሲ። የጦር ሜዳውም አንድ ነው፦ የኮሪያ ልሳነ ምድር። ሲታይ ትንሽ ነው። ልዩ ያደረገው ግን ራሱን በራሱ የሚያንቀሳቅሰው ዘመቻ፣ ማለትም ዳይናሚክ ካምፔይኑ ነው። ይህን ሳይረዱ ከዚያ በኋላ የሆነውን መረዳት ስለማይቻል ትንሽ ልቆይበት።

ጦርነቱ ያለ እርስዎም ይቀጥላል

በአብዛኞቹ የበረራ ጌሞች ተልዕኮ የሚባለው ነገር አንድ ሰው አስቀድሞ የጻፈው ነው። እዚህ ጋ ሦስት ታንክ፣ እዚያ ጋ ሁለት ሚግ። ሁለተኛ ጊዜ ሲጫወቱት ሁሉም በቦታው ነው። ፋልከን ውስጥ እንደዚያ አይደለም። ኮምፒውተሩ ልክ እንደ ጦር አዛዥ የሁለቱንም ወገን ዕቅድ ያወጣል። የትኛው ስኳድሮን (የጄቶች ምድብ) የትኛውን ድልድይ ይምታ፣ ማን ያጅበው፣ ነዳጅ ጫኙ የት ይዙር፣ ሁሉንም ይወስናል። እርስዎ ከዚያ ዝርዝር ውስጥ አንዱን በረራ መርጠው ይገባሉ። ባይገቡም በረራው ይሄዳል። ትናንት የመቱት ድልድይ ዛሬም ፈርሶ ነው፤ የጠላት እግረኛም በዚያ መንገድ ማለፍ አይችልም። ስኳድሮንዎ ያጣው ጄት ከቁጥሩ ይቀነሳል።

ይህን ሁሉ የ1998 ኮምፒውተር እንዴት ቻለው? ዘዴው ብልህ ነው። ተጫዋቾች "ባብል" ይሉታል። ጌሙ በተጫዋቹ ዙሪያ አንድ ክብ ያበጃል። ክቡ ውስጥ ያለ ታንክ ሁሉ ለየብቻው ይነዳል፣ ይተኩሳል፣ ይቃጠላል። ከክቡ ውጭ ያለ ሻለቃ ግን በሙሉ አንድ መዝገብ ነው፦ ይህን ያህል ታንክ፣ ይህን ያህል ጥይት፣ እዚህ ቦታ። ሁለት ጦሮች ከክቡ ውጭ ሲገጥሙ ውጤቱን የሚወስነው ስሌት ነው። ተጫዋቹ ሲጠጋ መዝገቡ ተፈትቶ እውነተኛ ታንኮች ይሆናል። ሲርቅ ደግሞ ተመልሶ መዝገብ ይሆናል።

ለጭማሪ ሠሪ ይህ ምን ማለት ነው? የሚጨምረው አውሮፕላን ሁለት ሕይወት ያስፈልገዋል ማለት ነው። አንዱ በዓይን የሚታየው ነው። ሌላው በቁጥር ብቻ የሚኖረው ነው። ሁለቱ ካልተጣጣሙ ዘመቻው ይዛባል። ለምሳሌ በቁጥሩ ላይ ደካማ ተደርጎ የተጻፈ ጄት ከባብሉ ውጭ ያለማቋረጥ እየተሸነፈ ስኳድሮኑ ያልቃል፤ በአጠገብዎ ሲያገኙት ግን ጎበዝ ነው። እንዲህ ዓይነት ስህተት በምስል አይታይም። ዘመቻው ሦስተኛና አራተኛ ቀኑ ላይ ሲደርስ ነው ነገሩ የሚሸተው።

አንድ ሚግ ለመጨመር ምን ያስፈልጋል?

አዲስ የጠላት ጄት መጨመር ለሚፈልግ ሰው የሚቀለው ክፍል ሥዕሉ ነው። ይህን ስል የሞዴል ሠሪዎችን ድካም ማሳነሴ አይደለም። አንድ አካል በቅርብ፣ በመካከለኛና በሩቅ ርቀት ሲታይ የተለያየ ዝርዝር ያለው ሞዴል ይፈልጋል፤ አለዚያ ኮምፒውተሩ ከአድማስ ላይ ላለች ነጠብጣብ በሺዎች የሚቆጠሩ ሦስት ማዕዘኖችን ሲሥል ይውላል። ጎማው መውጣት መግባት አለበት፤ ክንፉ ላይ ያለው ክፍል መንቀሳቀስ አለበት። ይህ ራሱ የብዙ ወር ሥራ ነው።

ከዚያ ግን ዳታው ይመጣል። በራዳር ላይ ምን ያህል ጎልቶ ይታያል? የሞተሩ ሙቀት ሙቀት ፈላጊ ሚሳይልን ከምን ያህል ርቀት ይስባል? የራሱ ራዳር ምን ያህል ያያል? ያ ራዳር ሲነካዎት ኮክፒትዎ ውስጥ ያለው ማስጠንቀቂያ ምን ምልክት ያሳያል? የትኛው ክንፍ ሥር ምን መሣሪያ ይሰቀላል? ለየትኛው የተልዕኮ ዓይነት ምን ያህል ነጥብ ይሰጠው? ይህ የመጨረሻው በተለይ ይረሳል። ዘመቻውን የሚያቅደው ኮምፒውተር ጄቱን አያየውም፤ የሚያየው ነጥቡን ነው። ለአየር ውጊያ የተሠራን ጄት በስህተት ለምድር ጥቃት ከፍ ያለ ነጥብ ከሰጡት፣ ቦምብ አሸክሞ ወደ ፀረ አውሮፕላን ሚሳይሎች መሃል ይልከዋል።

የበረራ ጠባዩስ? ፋልከን የእያንዳንዱን አውሮፕላን የበረራ ሞዴል በጽሑፍ ፋይል ነው የሚያስቀምጠው። ውስጡ ሰንጠረዥ ነው። በዚህ ፍጥነት፣ አፍንጫው ከአየሩ ፍሰት ጋር ይህን ያህል ማዕዘን ሲፈጥር፣ ክንፉ ይህን ያህል ያነሣል፣ አየሩም ይህን ያህል ይጎትተዋል። በዚህ ከፍታና ፍጥነት ሞተሩ ይህን ያህል ይገፋል። ፋይሉን በተራ የጽሑፍ ማረሚያ መክፈት ይቻላል። ይህ ክፍትነት፣ በእኔ እምነት፣ የፋልከንን ዕጣ ከወሰኑት ነገሮች አንዱ ነው። ፕሮግራም መጻፍ የማያውቅ ነገር ግን ኤሮዳይናሚክስ የሚያውቅ ሰው በሩ ክፍት ሆኖ አገኘው።

ኮዱ ሳይገኝ በፊት

የመጀመሪያዎቹ ጭማሪ ሠሪዎች የጌሙ ሶርስ ኮድ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበት ዋናው ጽሑፍ፣ አልነበራቸውም። በዳታው ላይ ነው የሠሩት፤ አንዳንዴም የፕሮግራሙን ፋይል በባይት ደረጃ እየከፈቱ ቁጥር ቀየሩ። ከሥራዎቹ ሁሉ የሚታወቀው አይቤታ የተባለው ቡድን ያወጣው ሪያሊዝም ፓች ነው። ስሙ እንደሚለው ዓላማው እውነታ ነበር። የሚያብረቀርቅ ነገር ለመጨመር አልተነሡም።

ለሚሳይሎች የሰጡት ትኩረት ይህን በደንብ ያሳያል። የአየር ለአየር ሚሳይል ሞተሩ የሚነደው ለጥቂት ሰኮንዶች ነው። ከዚያ በኋላ በያዘው ፍጥነት ብቻ ይንሸራተታል፤ በዞረ ቁጥር ፍጥነቱን ያጣል። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሩቅ ይሄዳል። ዝቅ ብሎ ሲተኮስ አየሩ ወፍራም ነው፤ የሚደርስበት ርቀት በብዙ ይቀንሳል። ኢላማው ፊቱን አዙሮ ከሸሸ ደግሞ ይበልጥ ያጥራል። ይህ በትክክል ከተሰላ ውጊያው ሁሉ ይለወጣል። ከፍታ ሀብት ይሆናል። መቼ መተኮስ፣ መቼ መዞር እንዳለብዎ ማሰብ ግድ ይላል። ካልተሰላ ግን ሚሳይሉ ወይ ሁሌም ይመታል፣ ወይ ሁሌም ይስታል፤ አብራሪውም የሚማረው ነገር የለም።

በሥዕሉ ሳይሆን በስሌቱ ጌሙን ሌላ ጌም አደረጉት። የዚህ ጉዳይ እምብርት እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ከኋላ የመጡት ቡድኖችም ይህን መለኪያ ወረሱ፤ አንድ ነገር ሲጨመር መጀመሪያ የሚጠየቀው "ትክክል ነው ወይ?" የሚለው ሆነ።

ኤፕሪል 2000

ስቱዲዮው ከተዘጋ ከወራት በኋላ፣ በኤፕሪል 2000፣ የፋልከን 4.0 ሶርስ ኮድ ኢንተርኔት ላይ ወጣ። ያወጣው ከሠሪዎቹ አንዱ ነው። ባለመብቱ አልፈቀደም። ስለዚህ ነገሩን በስሙ እንጥራው፦ ኮዱ ሾልኮ ነው የወጣው። ሕጋዊ ባለቤት ያለው ንብረት ነበር፤ አሁንም ነው።

ያም ሆኖ ውጤቱን መካድ አይቻልም። እስከዚያ ድረስ ጭማሪ ሠሪዎች በር ላይ ቆመው ነበር፤ አሁን ቤቱ ውስጥ ገቡ። ዳታ ብቻ ከመቀየር አልፈው ራዳሩ የሚሠራበትን መንገድ፣ የኔትወርኩን ግንኙነት፣ ሥዕሉን የሚያወጣውን የፕሮግራም ክፍል መንካት ቻሉ። ባለመብቱም ቢሆን እየተለዋወጠ ነበር። ኢንፎግራምስ ሃዝብሮ ኢንተራክቲቭን ገዛ፤ ኢንፎግራምስ ደግሞ በኋላ አታሪ ተባለ። ከዚያም በኋላ መብቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

ቀጣዮቹ ዓመታት የተደበላለቁ ነበሩ። ኢፋልከን፣ ሱፐርፓክ፣ ፍሪፋልከን፣ ቤንችማርክ ሲምስ (ባጭሩ ቢ ኤም ኤስ)፤ የቡድኑና የስሪቱ ስም ይበዛል። ቡድኖች ይዋሐዳሉ፣ ይከፈላሉ። አንዱ የሠራው ከሌላው ጋር አይስማማም። ለአንዱ ስሪት የተሠራ አውሮፕላን ለሌላው አይሆንም። አንድ ተራ ተጫዋች የትኛውን ከየትኛው በፊት ኢንስቶል እንደሚያደርግ ለማወቅ ራሱን የቻለ ጥናት ያስፈልገው ነበር። በዚህ መሃል ሊድ ፐርሱት የተባለ ኩባንያ ፈቃድ አግኝቶ በ2005 ፋልከን 4.0፦ አላይድ ፎርስን ለገበያ አቀረበ። የተረጋጋ ነበር፤ ከኮሪያ ሌላ የባልካን የጦር ሜዳም ነበረው። ተከታይ ግን አልወጣለትም።

ከነጻዎቹ ቡድኖች መካከል ፍሪፋልከንና ቤንችማርክ ሲምስ የያዙት መንገድ የተለያየ ነበር። ፍሪፋልከን ብዙ የሚበሩ አውሮፕላኖችንና ብዙ ኮክፒቶችን በማቅረብ ታወቀ። ይህ ሰው ይስባል፤ የሚወዱትን ጄት መርጦ መግባት ደስ ይላል። እድገቱ ግን ከጊዜ በኋላ ቆመ። ቤንችማርክ ሲምስ ደግሞ ረጅም ጊዜ ድምፁን አጥፍቶ ከቆየ በኋላ በ2011 ፋልከን ቢ ኤም ኤስ 4.32ን አወጣ። ከዚያ ወዲህ 4.33፣ 4.34፣ 4.35 እያለ ቀጠለ።

አንድ ጄት፣ እስከ ጥጉ

ቢ ኤም ኤስ የመረጠው መንገድ ኤፍ-16ን እስከ ጥጉ መሥራት ነው። ሞተሩን ለማስነሣት እውነተኛውን ቅደም ተከተል መከተል አለብዎ። ባትሪ፣ የጄት ነዳጅ ማስነሻ፣ ጄኔሬተር፣ የአቅጣጫ መሣሪያው እስኪስተካከል መጠበቅ። የበረራ ሞዴሉ ክንፍ ሥር የተሰቀለውን እያንዳንዱን ነገር ክብደትና የአየር ጉተታ ይቆጥራል። ቦምብ የጫነ ኤፍ-16 ቀርፋፋ ነው፤ ቦምቡን ሲጥል ይነቃል።

ሌሎች ጄቶችም ይበራሉ። ነገር ግን ለብዙ ጊዜ ከውስጥ የኤፍ-16ን ስክሪኖችና ሥርዓት ነበር የሚጠቀሙት። ይህን እንደ ጉድለት የሚያነሡ ብዙ ናቸው፤ ቅሬታቸውም ተገቢ ነው። እኔ ግን ውሳኔውን እደግፋለሁ። የአንድ ጄት ራዳር፣ የመሣሪያ ኮምፒውተርና ማስጠንቀቂያ ሥርዓት በትክክል ለመሥራት ዓመታት ይፈጃል። አሥር ጄት በግማሽ ሠርቶ ማቅረብ ይቀል ነበር። በግማሽ የተሠራው ጄት ግን ዘመቻው ውስጥ ሲገባ ራሱን ብቻ አይደለም የሚያበላሸው፤ አጃቢውን፣ ጠላቱን፣ ዕቅዱን ሁሉ ያዛባል። በኋለኞቹ ስሪቶች ኤፍ-15ሲ የራሱን ሥርዓት ይዞ መጣ። ተራው ሲደርስ መጣ ማለት ነው።

ከጄቱ ጋር ሰነዱ ይመጣል። ይህ ነገር በቂ ምስጋና አያገኝም። ከጌሙ ጋር የሚወርዱት መመሪያዎች በእውነተኛው አየር ኃይል ሰነዶች አቀራረብ የተዘጋጁ ናቸው፤ አንዱ ስለ ጄቱ፣ አንዱ ስለ መሣሪያዎቹ። ለብቻው የተዘጋጀ የሥልጠና መጽሐፍ አለ፤ ከእያንዳንዱ ምዕራፍ ጋር የሚበረር ተልዕኮ ተያይዟል። ለኮሪያ አየር ማረፊያዎች የማረፊያ ቻርቶችም አሉ። ጭማሪ ሠርቶ ሰነድ ሳይጽፍ የሚተው ሠሪ ሥራውን ግማሽ መንገድ ላይ ነው የጣለው። ተጠቃሚው አዝራሩ ምን እንደሚሠራ ካላወቀ አዝራሩ የለም።

መልክዓ ምድር ሥዕል ብቻ አይደለም

ስለ ጦር ሜዳዎቹ በሰፊው መናገር እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው በስህተት የሚረዳው እዚህ ላይ ነውና።

የመጀመሪያው ኮሪያ በእያንዳንዱ ጎን 1,024 ኪሎ ሜትር የሆነ ካሬ ነበር። መሬቱ አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር በሆኑ የሥዕል ንጣፎች የተሸፈነ ነው። እያንዳንዱ ንጣፍ ከአንድ ስብስብ ይመረጣል፦ እርሻ፣ ደን፣ ከተማ፣ የባሕር ዳርቻ፣ መንገድ ያለበት፣ ወንዝ ያለበት። የአንዱ ጠርዝ ከጎረቤቱ ጠርዝ ጋር መግጠም አለበት፤ ካልገጠመ መንገዱ ሜዳ ላይ ይቆረጣል፤ ወንዙም ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ለአዲስ አገር ይህን መሥራት ትዕግሥት የሚፈትን ሥራ ነው።

ይህም ሆኖ የሚቀረው ይበዛል። ዘመቻው መሬቱን በዓይን አያየውም። ለዘመቻው መሬት ማለት የኢላማዎችና የመገናኛ መስመሮች መረብ ነው። ከተማ አንድ ነጥብ ነው፤ ድልድይ አንድ ነጥብ ነው፤ በመካከላቸው መንገድ ካለ ያ መንገድ በዳታው ውስጥ መገናኘት አለበት። ሠሪው ድልድዩን ሥሎ መስመሩን ካላገናኘ፣ የእግረኛው ጦር ድልድዩ ዓይኑ ሥር እያለ ይቆማል። ወይም ድልድዩን ቢያፈርሱትም ምንም ሳይመስለው ይሻገራል።

አየር ማረፊያዎች ከሁሉ ይከብዳሉ። ማኮብኮቢያውና ሕንጻው ሲቀመጥ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ግን ኮምፒውተሩ የሚያበራቸው ጄቶች የት ይቁሙ? በየትኛው መስመር ወደ ማኮብኮቢያው ይሂዱ? የት ተራ ይጠብቁ? እያንዳንዱ ነጥብ በእጅ ይቀመጣል። አንዷ ነጥብ በተሳሳተ ቦታ ካረፈች ሁለት ጄቶች አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጠው ይቆማሉ። ከኋላቸው ያሉትም ይቆማሉ። መነሻ ሰዓታቸው ያልፋል፤ ተልዕኮው ይሰረዛል። አጃቢ ያጡት ቦምብ ጣዮች ብቻቸውን ይሄዳሉ። አንድ የስኳድሮን ሰፈር በሙሉ ከጦርነቱ ይወጣል፤ ምክንያቱ አንዲት ነጥብ ነች።

ለዚህ ነው በቢ ኤም ኤስ ኮሪያ ውስጥ አየር ማረፊያዎቹ በእውነተኛው አቀማመጣቸው መሠረት እንደገና መሠራታቸው ትልቅ ነገር የሆነው። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ያለው ጉንሳን የአሜሪካ አየር ኃይል ስምንተኛ ተዋጊ ክንፍ ሰፈር ነው፤ ኤፍ-16 ለዓመታት ሲበሩበት የኖረ ቦታ። በጌሙ ውስጥ ከጉንሳን ሲነሡ በቻርቱ ላይ የሚያዩት የመንገድ ስም፣ የማኮብኮቢያ አቅጣጫና የሬዲዮ ድግግሞሽ ለበረራው ያገለግልዎታል። ዝናብና ደመና ባለበት ቀን በመሣሪያ ብቻ መመለስ ይችላሉ፤ የሠሪው ልፋት ያኔ ነው የሚገባዎት።

ከኮሪያ ሌላ ባልካን፣ የእስራኤል አካባቢና የኤጂያን ባሕር የጦር ሜዳዎች በተለያዩ ቡድኖች ተሠርተዋል። እያንዳንዱ የራሱ የኃይል ሚዛን አለው። የኮሪያው ሰፊ የምድር ጦርነት ነው። ኤጂያን ላይ ደሴቶችና ባሕር ይበዛሉ፤ ርቀቱ አጭር ነው፤ ጠላትዎ እርስዎ የያዙትን ዓይነት ኤፍ-16 ይዞ ሊመጣ ይችላል። ያን ሚዛን ማግኘት ከሥዕሉ በላይ የሚያስቸግር ሥራ ነው። አንዱ ወገን ከበዛ ዘመቻው በሁለተኛው ቀን ያበቃል። ሁለቱም እኩል ከሆኑ ደግሞ ግንባሩ ሳይነቃነቅ ይቀራል።

እምነትና ሕግ

ፋልከንን በቡድን የሚጫወቱ ሰዎች የሁሉም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት ዳታ እንዲኖረው ያስፈልጋል። አንዱ የራሱን አውሮፕላን ወይም ሚሳይል ቢጨምር፣ ሌላው የሚያየው ሌላ ነገር ነው፤ ወይም ግንኙነቱ ይቋረጣል። ስለዚህ የጭማሪ ነጻነትና የጋራ ጨዋታ ሁሌም ይጋጫሉ። ቢ ኤም ኤስ ሁሉንም በአንድ ጥቅል ማውጣቱ ይህን ፈታው። የሚሳይሉ ርቀት ስንት ይሁን የሚለው ክርክር ጥቅሉ ከመውጣቱ በፊት ያልቃል፤ ከወጣ በኋላ ሁሉም በአንድ ሕግ ይበራል። የግለሰብ ሠሪዎች ነጻነት በዚህ እንደሚጠብ አውቃለሁ። ሁለት መቶ ሰው ሁለት መቶ ዓይነት ፋልከን ይዞ አብሮ መብረር አይችልምና ዋጋው ተገቢ ነው።

ሕጉስ? ቢ ኤም ኤስ በነጻ ነው የሚሰጠው። ግን ኢንስቶል ለማድረግ ዋናው ፋልከን 4.0 ሊኖርዎት ይገባል፤ ያንን መኖሩን ያጣራል። ዋናው ጌም ጎግና ስቲም በተባሉ የኢንተርኔት የጌም መደብሮች ላይ ዳግም ለሽያጭ ከቀረበ ወዲህ ይህ ቀላል ሆኗል። ባለመብቱ ከእያንዳንዱ አዲስ አብራሪ የሚያገኘው ገንዘብ አለ፤ ጭማሪ ሠሪዎቹ ምንም አይጠይቁም። ኮዱ የወጣበትን መንገድ ይህ አይፍቀው እንጂ፣ ባለመብቱና ሠሪዎቹ ለረጅም ጊዜ ጎን ለጎን እንዲኖሩ ያስቻለው ይህ ይመስለኛል።

ዲ ሲ ኤስ ወርልድ ከተባለው ሌላ የውጊያ በረራ ሲሙሌተር ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። እዚያ ኢግል ዳይናሚክስና አጋሮቹ እያንዳንዱን ጄት ለብቻው ይሸጣሉ። ለምሳሌ ሂትብለር በ2019 ያወጣው ኤፍ-14 እያንዳንዱ አዝራር የሚነካ፣ በጣም ያማረ ሥራ ነው። ክፍያው ሠሪውን ያኖራል፤ ጥራቱም ይታያል። ዳይናሚክ ዘመቻው ግን ለዓመታት ይመጣል ሲባልለት ቆይቷል። ጄት መሸጥ ይቻላል፤ በሁሉም ጄቶች ሥር የሚኖረውን ጦርነት በቁራሽ መሸጥ ግን ይከብዳል። ፋልከን የተገላቢጦሽ ነው። ጦርነቱን ከ1998 ወርሷል፤ ጄቱን በላዩ ላይ ገነባ። ሁለቱንም የሚጫወቱ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ይገባኛል።

ከ2023 ወዲህ

በ2023 ሁለት ነገር ሆነ። ቢ ኤም ኤስ 4.37 ወጥቶ በቪአር መነጽር መብረር ተቻለ። በአየር ውጊያ ላይ አንገትን አዙሮ ጠላትን በዓይን መከተል ማለት ምን እንደሆነ የሞከረው ያውቃል። በዚያው ዓመት ደግሞ የፋልከን መብት ስሙን ይዞ ዳግም ወደተቋቋመው ማይክሮፕሮዝ ተመለሰ።

በ2025 የወጣው 4.38 መልክዓ ምድሩን የሚሥል አዲስ የፕሮግራም ክፍል ይዞ መጣ። ዋናው ሥራ የዋለው ኮሪያ ላይ ነው። ተራራው ተራራ መሰለ፤ ሸለቆ ውስጥ ተሸሽጎ መብረርም ትርጉም አገኘ። በራዳር ላለመታየት ዝቅ ብለው ሲሄዱ ከኮረብታው በስተጀርባ በእርግጥ ይሰወራሉ።

ሥራው ግን ለሌሎቹ የጦር ሜዳ ሠሪዎች አዲስ ዕዳ ነው። በእያንዳንዱ ትልቅ ስሪት ዳታቤዙ ይለወጣል፤ የቆየ የጦር ሜዳ ሳይታደስ አይገባም። አሁን ደግሞ መሬቱ ራሱ ተለወጠ። ለዓመታት በንጣፍ በንጣፍ የተሰፋው የኤጂያን ዳርቻ፣ በእጅ የተቀመጠው የእያንዳንዱ አየር ማረፊያ ነጥብ፣ ከአዲሱ ከፍታ ጋር እንደገና መለካት አለበት። ማኮብኮቢያው ከመሬቱ በሁለት ሜትር ከፍ ካለ ጄቱ ሲነሣ ይሰበራል። ቡድኖቹ ይህን አንድ በአንድ እያዩ ነው የሚሠሩት፤ ማገዝ የሚፈልግ ሰውም መጀመር ያለበት ከዚሁ ነው፤ አንድ አየር ማረፊያ ይዞ፣ ነጥቦቹን እየፈተሸ።